ሰሞኑን ምን ወደዳችሁ?

እኔና ጓደኞቼ ደብረ ብርሃን ውስጥ ቡና ስንጠጣ የምንጠያየቀው አንድ ጥያቄ አለ። «ሰሞኑን ምን ወደድሽ?» ሰላምታው ካለቀ፣ አቦሉ ከተጠጣ በኋላ፣ ቶናው ሲቀዳ ይመጣል። መልሱ ትልቅ ነገር እንዲሆን አንፈልግም። አዲስ ሥራ አገኘሁ፣ ልጄ ተመረቀች የሚለው የምሥራች ነው። ለብቻው ይነገራል፣ እልልም ይባልለታል። እዚህ የምንፈልገው ትንሿን ነገር ነው። በእጅ የሚነካ፣ የሚቀመስ፣ የሚሸተት፣ የሚሰማ። ሌላው ሰውም ነገ ተነስቶ ሊሞክረው የሚችል።

ልማዱን ስንጀምር ወሬያችን ሁሉ የከበደበት ጊዜ ነበር። የኑሮ ውድነቱ፣ የመንገዱ ነገር፣ የታመመ ዘመድ፣ ሥራ ያጣ ወንድም። ሁሉም እውነት ነው፤ ሊወራም ይገባዋል። ግን ከቡናው ስንነሳ ከመጣንበት የባሰ ከብዶን ነበር የምንነሳው። ጥያቄው ችግሩን አላጠፋውም። ከችግሩ ጎን የሚቀመጥ ሌላ ወሬ ግን ሰጠን። እኔም ቀኑን ሙሉ «ዛሬ ምን ልንገራቸው?» እያልኩ ዓይኔን ገልጬ መሄድ ጀመርኩ። ይህ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ነው። ለሌሎች የሚነገር ነገር የሚፈልግ ሰው ሰፈሩን በደንብ ያያል።

እስካሁን ከተባባልናቸው ነገሮች ዛሬም የምወዳቸውን ላካፍላችሁ። ስትሞክሩት እንዳትቸገሩ አሠራሩንም እነግራችኋለሁ።

ከቆሎ ልጀምር። አንዷ ጓደኛችን አንድ ቀን ከቦርሳዋ ትንሽ ፌስታል አውጥታ «እስቲ ይህን ቅመሱልኝ» አለች። ሰሜን ሸዋ ላይ ቆሎ ብርቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ሁሉ ደብረ ሲና ላይ መኪናው ሲቆም በመስኮት የሚዘረጋለትን ቆሎ ያውቀዋል። የእሷ ግን ለየት ይላል። ጨዉ እያንዳንዱ ፍሬ ላይ አለ፤ ሲታፈስ ግን እጅ ላይ አይቀርም፣ ከፌስታሉ ስርም አይጠራቀምም። ሁላችንም አንድ ላይ «እንዴት አድርገሽ ነው?» አልን።

ገብሱ ሰነፍ ገብስ የሚባለው ቢሆን ይመረጣል። ልጣጩ ቶሎ ስለሚለቅ ቤት ውስጥ ለሚቆላ ሰው እሱ ይመቻል። ለቅማችሁ እጠቡትና ውኃው ጠፈፍ እስኪል አቆዩት። ምጣዱን መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱ። ብዙ አታድርጉበት፤ ፍሬው በፍሬ ላይ ሳይደራረብ ምጣዱን ከሸፈነ ይበቃል። ከዚያ እጃችሁ አይረፍ። መጀመሪያ የሚወጣው እርጥብ ሽታ ነው፣ ዝናብ የነካው ጭድ ዓይነት። ቀጥሎ ጠሽ ጠሽ ማለት ይጀምራል። ሽታው ወደ ዳቦ ሽታ ሲቀየርና ቀለሙ ወርቃማ ሲሆን ሁለት ሦስት ፍሬ አውጥታችሁ ቅመሱ። ጥርስ ላይ ከተጣበቀ አልደረሰም። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል።

አሁን አውጡት። ትኩሱን በንጹሕ ጨርቅ እሹት፤ ልጣጩ ይለቃል። በሰፌድ አበጥሩት። የጓደኛዬ ዘዴ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በግማሽ ስኒ ሙቅ ውኃ ታሟሟለች። ቆሎውን ወደ ጋለው ምጣድ ትመልስና የጨዉን ውኃ ረጨት ረጨት ታደርግበታለች። ምጣዱ «ቿ» ይላል፣ እንፋሎቱ ይነሳል። ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ቶሎ ቶሎ ታማስላለች። ውኃው ይሄዳል፣ ጨዉ ፍሬው ላይ ይቀራል። በመጨረሻዋ ደቂቃ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ምጣዱ ላይ ጣል ታደርጋለች። ቅጠሉ ደርቆ ሽታውን ይሰጥና ከዚያ ይወጣል።

ሽምብራና ሱፍ መቀላቀል የምትወዱ ካላችሁ እያንዳንዱን ለየብቻ ቁሉት። አንዱ ሳይደርስ ሌላው ያርራልና። ሌላው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ አትክደኑት። ትኩሱ ይላባል፣ በማግሥቱ ይለሰልሳል። ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ ተዉት። እኔ ማታ እቆላለሁ፣ ጠዋት በጣሳ እከታለሁ። በጾም ቀን ቢሮ ይዤው እሄዳለሁ። አብረውኝ የሚሠሩትም ለምደውት ጣሳው ሲከፈት ይመጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጓደኛዬ «ጣፋጭ ቆሎ ሠራሁ» ብላ ብቻ ብትሄድ ኖሮ እኛም «ጎሽ» ብለን እንረሳው ነበር። እሷ ግን ቆሎውንም ሰጠችን፣ የጨዉን ነገርም ነገረችን። ስለዚህ የወደዳችሁትን ስትናገሩ «እንዴት» የሚለውን አትዝለሉት። ከተቻለ ደግሞ አንድ እፍኝ ያዙ።

ሁለተኛው ስፌት ነው። ይሄንን ብዙ ላወራበት ነው፤ ታገሱኝ።

ጎረቤታችን አንዲት የመንዝ እናት አሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግድግዳውን ስታገኘው በርጩማቸውን አውጥተው ይሰፋሉ። መሶብ፣ ሙዳይ፣ የእንቁላል መያዣ፣ ያላቸውን ሁሉ። እኔ ስፌት ሲሰፋ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ወስፌ ግን በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ባለፈው ጥቅምት አጠገባቸው ቁጭ አልኩና «እማማ፣ ያስተምሩኛል?» አልኳቸው። «ምን ከባድ ነገር አለው ልጄ፤ ብቻ ሣሩን ውኃ አስነኪው። ደረቁን ካጠፍሽው ይሰበርብሻል» አሉኝ። ትምህርቱ በዚች ተጀመረ።

ስፌት በመርፌ አይሰፋም። ወስፌ ቀዳዳ የለውም፣ ክርም አይሸከምም። ሥራው መንገድ መክፈት ብቻ ነው። ወስፌው ይበሳል፣ ይወጣል፣ ቀዳዳው ከመከደኑ በፊት የሣሩ ጫፍ ይገባል። ይህን ሳይ ነው የገረመኝ። አንድ መሶብ ላይ ያለው ጥልፍ ሁሉ፣ ያ ሁሉ አደይ አበባና መስቀል፣ እያንዳንዱ ተበስቶ በእጅ የገባ ነው። የእማማ አውራ ጣት ጥፍር አጠገብ ወስፌው ሁልጊዜ የሚደገፍባት ቦታ ጠንክራለች። እዚያ ላይ ሲደገፍ አይሰማቸውም።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ከእርሳስ ትንሽ ቀጠን ያለ የሣር ጭብጥ ያዙ። ጫፉን እርጥብ አድርጋችሁ እንደ ቀለበት አጥፉት። በሚጠመጠመው ሣር ዙሪያውን አጥብቃችሁ ጠምጥሙ። ቀለበቷ በተቻለ መጠን ትንሽ ትሁን፤ መሃሉ ከላላ ሙሉው ይላላል። ከዚያ ጭብጡን ዙሪያዋን እያዞራችሁ፣ በወስፌ የበፊቱን ዙር እየበሳችሁ፣ ሣሩን እያስገባችሁ ሳብ፣ ሳብ። ጭብጡ መቅጠን ሲጀምር አዲስ ሣር መሃሉ ላይ ጨምሩ፣ ጫፉ ላይ አይሁን። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጣት ያስቸግራሉ። መዳፍ የምታህል ከሆነች በኋላ ግን እጅ መንገዱን ያውቀዋል።

አክርማና ስንደዶ የሚባሉት የስፌት ሣሮች ገበያ ይገኛሉ። ክረምቱ ሲወጣ ከሜዳው የሚለቅሙም አሉ። ቀለም የተነከረውን አለላ ግን እኔ አልገዛሁም፤ ምክንያቱ የእማማ ግኝት ነው። የልጅ ልጃቸው የተቀደደ ሹራብ ሊጣል ሲል ቀሙት። ተረትረው ክሩን ጠቀለሉትና በአለላው ፋንታ ይጠመጥሙበት ጀመር። ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው ሁሉ አለ። ክሩ ለስላሳ ስለሆነ ወስፌው በከፈተው ቀዳዳ እንዲገባ ጫፉን በሰም ያሹታል። የጧፍ ቁራጭ ይበቃል።

እኔ የምሰፋው የስኒ ማስቀመጫ ነው። ትንሽ ስለሆነ ያልቃል፣ ሲያልቅ ደስ ይላል፣ ለሰውም ይሰጣል። ለመጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ከመሶብ አትጀምሩ። የስኒ ማስቀመጫ፣ ቀጥሎ የትኩስ ድስት ማረፊያ፣ ከዚያ ትንሽ ሙዳይ። አሮጌ ሹራብ የሌለበት ቤት ደግሞ የለም። ከሁሉ በላይ ግን አጠገባችሁ የሚሰፉ እናት ካሉ ሂዱና ቁጭ በሉ። ቪዲዮ ላይ የማይታይ ነገር አለ። ስንት አጥብቆ መሳብ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ የእሳቸው እጅ ነው። እጃችሁን ይይዙና አብረው ይስቡታል።

ከእማማ ሳልወጣ ስለ ዝተት፣ ስለ በግ ጠጉሩ ብርድ ልብስ፣ አንድ ነገር ልበል። የመንዝ በግ ጠጉሩ የሚፈተል፣ የሚሸመንም ነው። በርኖሱም ዝተቱም ከእሱ ነው የሚሠራው። ዝተት ከባድ ነው፣ መጀመሪያ ሲለብሱት ይቆረቁራል፣ የበግ ሽታም አለው። ዘንድሮ ብዙ ሰው ለስላሳውን የፋብሪካ ብርድ ልብስ ይመርጣል፤ አልፈርድም። ግን ያረጀ ዝተት ካላችሁ አትጣሉት። እኔ የተቀደደውን ጥግ ቆርጬ፣ ጠርዙን በወፍራም ክር ዙሪያውን ቀምቅሜ ለወንበር መቀመጫ አደረግኩት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ቢሮ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳዋል። ቀለም አልተነከረም፤ ጥቁሩም ቡናማውም የበጉ ነው። ወር በወር ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ በዱላ ማራገፍ፤ ሌላ እንክብካቤ አይፈልግም።

ስለ ብርድ ካነሳሁ ውርጭን ልጨምር። ውርጭ ለገበሬ ጠላት ነው። ገብሱ ወይም ባቄላው ሳይደርስ ከመታው የዓመት ልፋት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ውርጭ ያምራል ስል እየሰጋሁ ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ያለውን ውርጭ ግን እወደዋለሁ። ፀሐይ ሳትወጣ ወጥታችሁ ከመንገድ ዳር ያለውን ሣር ጎንበስ ብላችሁ እዩት። እያንዳንዱ ቅጠል ጠርዙ ላይ ነጭ መርፌ አብቅሏል።

ይህን ለማሳየት ወንድሜ ያስተማረኝ የስልክ ዘዴ አለ። የካሜራውን መስታወት ጥረጉ። በክብሪት እንጨት ጫፍ አንዲት ትንሽ የውኃ ጠብታ መስታወቱ መሃል ላይ አኑሩ። ጠብታዋ የምር ትንሽ ትሁን፤ ወደ ስልኩ ጠርዝ እንዳትፈስ። ስልኩን ቀስ ብላችሁ ገልብጡት፤ ጠብታዋ ተንጠልጥላ ትቀራለች። አሁን ሣሩን የጣት ስፋት ያህል ተጠግታችሁ አንሱ። ጠብታዋ አጉልታ ታሳያለች። የውርጩ መርፌ፣ የጉንዳን እግር፣ የነጠላ ጥለት ክር፣ የጤፍ ፍሬ፣ ምንም ይሁን። መንቀጥቀጥ እንዳይኖር ክንዳችሁን አንድ ነገር ላይ አስደግፉ፤ በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ አንሱ። ሲያበቃ ጥረጉት። እኔ ሰሞኑን የማነሳው የድንጋይ ካብ ላይ የሚበቅለውን ቢጫና ግራጫ የድንጋይ ሽበት ነው። በየቀኑ እያለፍኩት ስሄድ ግድግዳ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተጠግተው ሲያዩት ደን ነው።

እህቴ ያለችው ሸዋ ሮቢት ነው። በመኪና ሩቅ አይደለም፤ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። ከእኛ ተነስታችሁ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። በጣሊያን ጊዜ የተሠራውን ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁል ደብረ ሲናን፣ ከዚያ ቆላውን። ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ካፖርት ለብሶ የተሳፈረ እጅጌውን ሰብስቦ ይወርዳል። እኔና እሷ በዚህ መንገድ ዕቃ እንለዋወጣለን። እኔ ቆሎ እልካለሁ። እሷ ማሾ ትልካለች፤ በአካባቢዋ ይመረታልና።

ከማሾው ጋር የላከችልኝ ሐሳብ ማብቀል ነው። ማሾውን ለቅሞ አጥቦ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ማሳደር። ጠዋት ውኃውን ደፍቶ ማሾውን ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድርጎ አፉን በሳሳ ጨርቅ ማሰር። ጠዋትና ማታ በንጹሕ ውኃ እያለቀለቁ ውኃውን ሙልጭ አድርጎ ማፍሰስ። ቆላ ላይ ቶሎ ነጭ ጭራ ያወጣል። እኛ ጋ ብርዱ ያዘገየዋል። ስለዚህ ዕቃውን በአሮጌ ሹራብ ጠቅልዬ እንጀራ ከተጋገረ በኋላ ሙቀት የሚቆይበት ምድጃ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ጭራው የጥፍር ያህል ሲሆን ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ትንሽ ጠበስ አድርጌ እበላዋለሁ። ጥሬውን አልመክርም። የሚያበቅለው ሙቀትና እርጥበት ለጀርምም ይመቸዋል፤ እሳት ቢነካው ይሻላል። ዋጋው ትንሽ ነው፣ በጾም ጊዜ ከሽሮ ጎን ሲቀርብ ደግሞ ገበታውን ይቀይረዋል።

የምጽፈውን ነገር በምን እንደምጽፍም ልንገራችሁ። የጥንት ጸሐፊዎቻችን ብራና ላይ የሚጽፉበትን ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል እያዘጋጁ ለወራት ያቆዩት ነበር። እሱን ለባለሙያዎቹ ትቼ ቀላሉን ነው የያዝኩት። የቡና አተላ ከጥቂት ውኃ ጋር አፍልቼ በጨርቅ አጠለዋለሁ። ከዚያ ወፈር እስኪል ድረስ መልሼ አፈላዋለሁ። ቡናማ ቀለም ይሆናል። መቃ ሰያፍ ቆርጬ ጫፉን በምላጭ በስሱ ሰንጥቄ እነክርበታለሁ። መቃው ፊደሉን አንድ ጊዜ ወፍራም፣ አንድ ጊዜ ቀጭን ያደርገዋል። «ጠ» እና «መ» ሲጻፉ ማየት ደስ ይላል። የጣሳዎቼ ስም፣ ከስኒ ማስቀመጫው ጋር የምልካት ወረቀት፣ ሁሉም በዚህ ነው። ቀለሙ ሻጋታ ስለሚያበቅል በትንሽ በትንሹ አፍሉት።

አሁን ደግሞ የማይነካ፣ የማይቀመስ ነገር። ድምፅ።

መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ጓሳ የሚባል የደጋ ሣር ሜዳ አለ። ከ3200 ሜትር ይጀምርና እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል። ጭላዳ ዝንጀሮውም፣ ቀይ ቀበሮውም፣ ጅብራ የሚባለው ተክልም አለበት። ሄጄ ብዙ ፎቶ አነሳሁ፤ ፎቶዎቹ የሌላ ሰው ፎቶ ይመስላሉ። የወደድኩት ሌላ ነው። ጭላዳዎቹ ጠዋት ከገደሉ ወጥተው ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። መንጋው ትልቅ ነው። ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ንጨቱ ይሰማል። ሸርተት፣ ሸርተት፣ ከመቶ እጅ። መሃል ላይ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ እናቶቹ ያጉረመርማሉ። ስልኬን ሣሩ ላይ አስቀምጬ አንድ ደቂቃ ቀዳሁት። ያን ድምፅ በቴሌግራም ለጓደኞቼ ላክሁ። አንዷ ሥራ አድክሟት ታክሲ ውስጥ ሆና በጆሮ ማዳመጫ ደጋግማ ሰማችው።

ከዚያ ወዲህ ድምፅ እሰበስባለሁ። የወፍጮ ቤት፣ የሸማኔ መወርወሪያ፣ በሌሊት የሚሰማ የማኅሌት ከበሮ ከሩቅ፣ በቆርቆሮ ላይ የሐምሌ ዝናብ። አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሰው አይሰማም። በነፋስ ጊዜ ስልኩን በነጠላ ጫፍ ሸፈን አድርጉት፤ ሹክሹክታው ይቀንሳል። የምትቀዱት የሰው ድምፅ ከሆነ ደግሞ አስፈቅዱ።

ስለ ጓሳ ካነሳሁ ለአካባቢው ሰዎች የምወድላቸው አንድ ነገር አለ። ሕዝቡ ቦታውን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ቄሮ ይሉታል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል። ሲደርስ ተመካክረው ይከፍቱታል፤ ያኔ ለቤት ክዳኑም ለገመዱም ይታጨዳል። ስለዚህ የወደዳችሁት ነገር ቦታ ከሆነ ስታካፍሉ ሥርዓቱንም አብራችሁ ተናገሩ። መንገዱን ብቻ ነግራችሁ ሰው አትላኩ። አበባ እንዳይነቅሉ፣ ለጭላዳው ዳቦ እንዳይወረውሩ፣ የአካባቢውን ሰው ይዘው እንዲሄዱ ንገሯቸው። ይህን ሳይናገሩ ቦታ ማስተዋወቅ አልወድም።

ልማዱን ከጓደኞቻችሁ ጋር ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ ከእኛ ቤት የሠራውን ልጨምር። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ አምስት የዘረዘረ ሰው አንዱም አይያዝለትም። ዋጋውንና የት እንደሚገኝ አትደብቁ። ከማን እንዳገኛችሁት ተናገሩ። የሹራቡ ክር የእማማ ነው፣ ማሾው የእህቴ ነው። እንዲህ ሲባል ባለቤቷ ትሰማለች፣ ሌላም ትጨምራለች። ሌላው የወደደውን እናንተ ካልወደዳችሁት ደግሞ ዝም ብላችሁ ስሙ። አንዷ ጓደኛችን የናፍጣ ሽታ ትወዳለች። አባቷ ሾፌር ነበሩ። ለእኔ ራስ ምታት ነው፤ ግን ስታወራው አባቷን አየኋቸው።

«ምንም አልወደድኩም» የሚል ሰውም ይኖራል። የእኛዋ ለረጅም ጊዜ እንዲህ ትል ነበር። ቤቷ ሐዘን ነበር፤ አልጎተጎትናትም። ጥያቄውን ግን ቀየርንላት። «እሺ፣ ዛሬ ጠዋት ቤትሽ ምን ይሸት ነበር?» አልናት። ትንሽ አሰበችና «ብርቱካን» አለች። ልጇ የላጠችውን ብርቱካን ልጣጭ፣ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ ያልበረደው ምጣድ ላይ ትበትነዋለች። ይደርቃል። ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ሻይ ውስጥ ትጨምረዋለች። ለራሷ የዘወትር ነገር ስለነበር ግኝት ነው ብላ አላሰበችም። እኛ ግን አንዳችንም አናውቀውም ነበር።

ልጣጩን መጀመሪያ በደንብ እጠቡት፤ ውጪው አቧራ ይይዛል። ከውስጥ ያለውን ነጩን በቢላ ፋቁት፤ እሱ ነው ሻዩን የሚያመርረው። ቀጠን አድርጋችሁ ቁረጡትና በትኑት። ሲታጠፍ ቀጭ ካለ ደርቋል፤ ከተለመጠ ይቆይ። ለአንድ ማንቆርቆሪያ ሁለት ሦስት ቁራጭ ይበቃል፤ ሻዩ ሊወርድ ሲል ጨምሩት።